አው አብዶሽ የያዙት ቴርሞሜትር

ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሐረር

ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለውን የድንጋይ ቤታችንን የውስጥ ሙቀት እየለካሁ ነው። ማንም ቴርሞሜትሩ አጠገብ እንዳይደርስ እናቴን አደራ ብያት ነበር። እሷ ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ ስላወራች ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው መጣ። ሽማግሌው አው አብዶሽ ግን ባሱ፤ ከግድግዳው አውርደው በሁለት መዳፋቸው ያዙት።

«ኧረ አው አብዶሽ፣ እባክዎ አይንኩት!»

«ዝም በል፣ ዱዓ እያደረግኩልህ ነው። አላህ ትምህርትህን ያሳካልህ። አሚን በል!»

«አሚን» አልኩ፤ ዓይኔ ግን ሽቅብ በሚወጣው ሜርኩሪ ላይ ነበር። የዛሬው ልኬት ተበላሸ፤ ያሳየውን ቁጥር ግን በደብተሬ ጻፍኩት። ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምመለስ ደግሜ አልለካም። አማካሪዬም «ይህ ሙቀት ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሳሁ። አሚን ካልኩ በኋላ እንዴት አድርጌ ልሰርዘው?