ሳታነብልኝ የዘለልከው መስመር

ውዴ ጴጥሮስ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ቃሌን ተቀብሎ የሚጽፍልኝ ሰው አላስቀመጥኩም። ስልኬን እየዳበስኩ፣ እሱም የነካሁትን ፊደል ሁሉ እየጠራልኝ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ይላል። የምነግርህ ብዙ ነው፤ አንዱ ቅሬታ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጃችን ሰላም ጂንካ ተመድባ ሥራ ጀምራለች፤ በየሁለት ወሩ ትመጣለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ በደንብ ያዘ፤ ጦጣዎቹ ግን ቀደሙን። እናትህ ከዶርዜ ወርደው ሁለት ሳምንት አብረውኝ ሰነበቱ፤ ሙቀቱን አልቻሉትምና ተመለሱ። እኔም እንደ ድሮዬ በሚኒባስ ከታች ከሲቀላ ወደ ላይ ሴቻ እየተመላለስኩ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ።

የተለወጠው ንባቡ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ቤታችን የገባ ወረቀት ሁሉ በአንተ አፍ ነው ያለፈው። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ከሙዝ እርሻው ትመጣለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ «ዛሬ ምን መጣ?» ትላለህ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የቀበሌውን ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቃለ ጉባኤ ስታነብልኝ አትቸኩልም ነበር። ማኅተሙ የደበዘዘ እንደሆነ፣ ጥጉ የተቀደደ እንደሆነ ሳይቀር ትነግረኛለህ። እኔም የማነበው ራሴ ይመስለኝ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ወረቀቱ መምጣቱን አላቆመም። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በቴሌግራም ነው የሚወጣው፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይለጥፉታል። ስልኬ እዚያ ሲደርስ «ምስል» ይልና ያልፋል። እንዲህ ሲል ሲል የደረጃ ዕድገት ማመልከቻዬ ቀን አለፈኝ። ያወቅኩት ሌሎቹ መምህራን እንኳን ደስ ያለህ ሲባባሉ ሰምቼ ነው።

ወደ ጸሐፊያችን ወደ እትዬ የሺ ሄድኩ። ታውቃቸዋለህ፣ ባላቸውን ተከትለው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩት።

«ለጥፌው ነበር እኮ ቲቸር» አሉኝ።

«የለጠፉት ፎቶ ነው። እኔ ጋ ባዶ ነው የሚደርሰው።»

«ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ ማን ያምናል ብዬ እኮ ነው።»

«ፎቶውንም ይለጥፉት፤ ከሥሩ ጽሑፉን ይጨምሩልኝ።»

ከዚያ ወንበር ሲስቡ ሰማሁ። «ነይ እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አብረን እንቀመጣለን። እሳቸው ርዕስ ማለት ፊደል ማተለቅና ማድመቅ ይመስላቸው ነበር። ርዕስ መሆኑን ለኮምፒዩተሩ ካልነገሩት ስልኬ ከሌላው ጽሑፍ እንደማይለየው አሳየኋቸው። የክፍለ ጊዜውን ድልድል ደግሞ ሠንጠረዥ ሳይሠሩ ባዶ ቦታ እየገፉ ነበር የሚያስተካክሉት፤ ስልኬ ሲያነበው ዓምዶቹ ተደባልቀው እኔን የሒሳብ መምህር አደረገኝ። እትዬ የሺ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉንም አፍርሰው እንደገና ሠሩት። አሁን እንደ እኔ ዓይነ ስውር ለሆኑት ሁለት ተማሪዎቻችን ፈተናውን በኮምፒዩተር የሚሰማ አድርገው ያዘጋጃሉ፤ ካርታ ካለበትም ካርታው ላይ ያለውን በቃላት ይጽፉታል። ባለፈው ሴሚስተር ልጆቹ ማንንም «እባክህ ድገምልኝ» ሳይሉ ተፈተኑ።

አንድ ሐሙስ እትዬ የሺ «እቤትም ያልተነበበ ወረቀት ካለሽ አምጪው፣ ስልክሽ እንዲያነበው በኮምፒዩተር እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ማኅደር ይዤ ሄድኩ። የቤቱን ካርታ ጻፉ፣ የጋብቻ ወረቀታችንን ጻፉ። ከዚያ የጣታቸው ድምፅ ቆመ።

«ማርታ፣ ይሄ የሆስፒታል ነው። የባለቤትሽ። ልተወው?»

«አይተዉት። እንዳለ ይጻፉት» አልኩ።

ያን ወረቀት አስታውሰዋለሁ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምክ አንብበህልኝ ነበር። ስምህን አነበብክ፣ ዕድሜህን አነበብክ፣ የሐኪሙን ስም አነበብክ። ከዚያ «ጨጓራ ነው፣ መድኃኒት አዘውልኛል» አልከኝ።

እቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ስልኩ ስምህን አነበበ፣ ዕድሜህን አነበበ፣ የሐኪሙን ስም አነበበ፤ ቀጥሎ በዚያው በማይለወጥ ድምፁ ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ጉበትህ መዛመቱን፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አለመሆኑን አነበበ። መልሼ ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ጨጓራ የሚል ቃል የለበትም።

አራት ወር ነበረን፣ ጴጥሮስ። ከአራቱ ወር አሥሩን ቀን ሐዋሳ ሥልጠና ሄጄ አሳለፍኩት። ልቅር ስልህ «ሂጂ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብለህ ሻንጣዬን ያስተካከልክልኝ አንተ ነህ። እዚያ ሆኜ ስደውል ምግቡ እንዳልጣመኝ ነበር የማወራህ።

ሰላም ስትመጣ ጠየቅኳት። አለቀሰች። «አባዬ ቃል አስገባኝ፤ ‹እናትሽ ካወቀች መሳቋን ታቆማለች፣ እኔ ደግሞ ሳቋን ነው የምፈልገው› አለኝ» አለች። ልጄን አልተቆጣኋትም። አንተን ግን ተቆጣሁህ። ለሳምንታት ወንበርህን ወደ ጓዳ አስገብቼው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያነበብክልኝን ሁሉ መጠራጠር ጀመርኩ፤ ሌላስ ምን ዘልሏል እያልኩ። ማኅደሩን እስከ መጨረሻው አስጻፍኩት። ሌላ ምንም አልዘለልክም። ያቺን መስመር ብቻ ነው።

ሳቄን ፈልገህ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ባውቅ ኖሮ ሐዋሳ አልሄድም ነበር። እስቅም ነበር፤ አጠገብህ ሆኜ። ምርጫው የእኔም ነበር። ይኸው ነው ቅሬታዬ፤ ነገርኩህ፣ አበቃ። ወንበሩን ከጓዳ አውጥቼዋለሁ።

ሰዎች ስላንተ ሲያወሩኝ ታማኝ ነበር ይላሉ፣ ደግ ነበር ይላሉ። እውነት ነው እላለሁ። እኔ ግን ድምፅህንም፣ ትዕግሥትህንም፣ እየፈራህ የዋሸኸኝን ያን ምሽትም አንድ ላይ ይዣለሁ። እስካለሁ ድረስ ምንም ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ።

ማርታህ