ለአባትህ አርባ እንድትደርስ፣ ስለዚያች እምቢተኛ የውኃ ሞተር

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቢተው ሙሉሃብት፣ ባሕር ዳር።

ሰላምታዬ የላስታን ተራራ ወርዶ ጣና ዳር ይድረስህ። እንደምን ሰነበትህ ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የአባትህን መርዶ ከሰማህ ወዲህ እህል ይበላልህ እንደሆነ እናትህ ትጠይቃለች። እኛ ሐዘኑ ቢከብደንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

ደብዳቤህ ብልባላ ገበያ ላይ ደረሰኝ። አሠሪህ «የፈታሃትን ሞተር ሳታስነሳ ለአርባው አትሄድም» ማለቱን ሳነብ ተናደድሁ። ቀጥሎ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ሐይቅ ላይ እንደ በቅሎ የምትጋለብ ሞተር አለች ብለህ አምና ስታወራን አባትህ «ይህ ልጅ ከተማ ገብቶ ውሸት ለመደ» ብሎ ነበር። ይኸው አሁን እሷው ከተዝካሩ ልታስቀርህ ነው።

ካርቡራተሯን አጥበህ፣ ያረጁትን የቤንዚን ቱቦዎች ቀይረህ ከገጠምሃት ወዲህ ትዞራለች እንጂ አትነሳም ብለሃል። እኔ የውኃ በቅሎህን አላየኋት። ግን የአባትህ የመስኖ ፓምፕም ቤንዚን ጠጪ ናት፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የነካት የለም። ስለዚህ ወንዝ ወርጄ አንተ ያደረግኸውን ሁሉ አደረግሁባት። እንዳንተዋ እምቢ አለች። ገመዷን ስጎትት ጎረቤታችን አዝመራው ማሳው ዳር ቆሞ «ውዱ፣ ፓምፕ ነው ወይስ ጥጃ የምትጎትተው?» አለኝ። «ጥጃስ ብትሆን እናቷን ስታይ ትነሳ ነበር» አልሁት።

እሳት የሚሰጣትን ካንዴላ ፈትቼ ባየው ደረቅ ነው፤ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። በቀዳዳው ጥቂት ቤንዚን አንጠባጥቤ፣ ገጥሜ ስጎትት፣ ተነስታ ወዲያው ጠፋች። እሳቱ ደህና ነው፣ ችግሩ መንገድ ላይ ነው አልሁ። ቱቦውን ብከተለው ለካ አስረዝሜ ቆርጬው ታጥፏል። አሳጠርሁትና ተነሳች።

የአንተዋ ቤንዚኑን ከታች ስባ የምትጠጣ ከሆነ፣ ማሰሪያው የላላ ቱቦ አየር ያስገባባታል፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጥብቅ። ከታንከር የሚመጣውንና ወደ ታንከር የሚመለሰውን ቱቦም እይ። ጫማህን ግራና ቀኝ እያቀያየርህ ነው ያደግኸው፤ አምታተኸው እንዳይሆን። የቤንዚን መክፈቻዋም ተዘግቶ እንዳይሆን። ካንዴላው ርሶ ካገኘኸው ግን ቤንዚን በዝቶባታል፣ ፈትተህ አድርቀው። ከማስነሳትህ በፊት ክዳኗን ከፍተህ የቤንዚኑ ሽታ ወጥቶ ይለቅ፤ አንድ ሐዘን ይበቃናል።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። አባትህ ፓምፗን ሲያስነሳ እናትህ ድምፁን ሰምታ ምሳውን ይዛለት ትወርድ ነበር። እኔ ይህን አላሰብሁትም። ቀና ስል ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። እኔን ስታይ ቆመች፤ ከዚያ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ላጠፋት እጄን ስሰድ «ተዋት፣ ትጩህ» አለችኝ። የአባትህ ማሳ ላይ ያለው ድንች ውኃ ጠጥቶ እስኪጠግብ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዳቦውን ለእኔ ቆረሰችልኝ። ስንነሳ «እንግዲህ ቢተው እስኪመጣ ማንም አይንካት» አለች። ከዚያ ወዲህ ፓምፗን በአባትህ ጋቢ ሸፍናታለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ያልሁህን ሞክር። ከተነሳች ጥሩ። ካልተነሳችም ቁልፉን ለአሠሪህ ስጠውና ና። የሱ ሞተር ሐይቁ ዳር ትቆያለች፤ የአባትህ አርባ ግን ቀኑ አይጠብቅህም። ሥራው ከቀረብህም ድንቹ አለ።

እኅትህ ዘመን ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጠላውን ጠንስሳለች። የነፍስ አባታችሁ ቄስ ወርቅአገኘሁ በጸሎታቸው ያስቡሃል። አዝመራው ሰላም ብሎሃል። እናትህን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ ገብታ መደብህን አነጠፈች።

አጎትህ ውዱ

ብልባላ፣ ላስታ
ጥር 18 ቀን 1997 ዓ.ም.