ከወንዙ በታች የለበስከው ባና

ውድ ሂላሪዮ፣

ትናንት ከታችኛው ሸለቆ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር። የመጡበትን ከመንገሬ በፊት ግን ያንን ቀን አንዴ ላውራህ። ለሰው አውርቼው አላውቅም።

የካቲት፣ የተራራችን የዝናብ ወር ነበር፤ ድንቹ አብቧል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ከማዶ እርሻ ስንመለስ ልጃችንን ሩፊናን በጀርባህ አዝለሃት ነበር። ማዘያው እኔ የሸመንኩት ነው። እንደ ልማድህ ትተርበኛለህ፦

"አንቺ ሴት፣ ማጉ ምን በደለሽ? ድሩን አጠጋግተሽ ማጉን ቀበርሽው እኮ! ሲለፋ ይውላል፣ የሚያየው የለም። የእኔን ጨርቅ እዪ፤ ድሩም ማጉም እኩል ይታያሉ፤ እንደ ባልና ሚስት!"

"ያንተማ ለኮት ነው" አልኩህ። "ልጅና ድንች የሚሸከመው የእኔ ነው። ሸክም የሚችለው ድሩ ነው፤ ስለዚህ ድሩ ይበዛል።"

"እሺ እመቤቴ!" ብለህ ሳቅክ። እኔ የወንዙን ድልድይ ቀድሜ ተሻገርኩ።

ድልድዩ መሃል ስትደርስ ወንዙ ጭቃና ድንጋይ ተሸክሞ ከላይ መጣ። ዞር ስል ድልድዩ የለም፤ አንተ መሃል ካለው ቋጥኝ ላይ ተለጥፈሃል። ጎረቤታችን ሜልቾር ላማዎቹን የሚጭንበትን መጫኛ ወረወረልህ።

"ወገብህ ላይ እሰረው! ወገብህ ላይ!" እያልን ጮህን።

አንተ ግን ማዘያውን ፈታህ። ልጅቷን ጠቅልለህ ቋጠርክና መጫኛውን በቋጠሮው አሳልፈህ አሰርከው። "ሳቡ!" አልክ። ሳብን። ውሃው ዋጣት፤ ተፋት፤ ደግሞ ዋጣት። ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ እንጂ አንድ ክር አልተበጠሰም። ሩፊና እቅፌ ገብታ ስታለቅስ፣ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

መጫኛው እንደገና ሲወረወርልህ እጅህ ደንዝዞ ነበር። ማሰር አቅቶህ ጨብጠኸው መጣህ። ዳር ልትደርስ ጥቂት ሲቀርህ አመለጠህ። ሜልቾር ዘሎ ኮትህን ያዘ፤ ራስህ የሸመንከውን፣ ያረጀውን ኮት። እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሎ በእጁ ቀረ።

ወንዶቹ ወንዙን ተከትለው ብዙ ፈለጉህ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እናትህ ሰው ሲሞት እንደሚደረገው ደንብ ልብስህን ወንዝ ዳር አጠበች፣ የማይሆነውን አቃጠለች። እጅጌውን ግን ደበቅኩባት።

ሜልቾር እስካሁን ዓይኔን አያይም። አንድ ቀን ድንች ሲያወጣልኝ ውሎ ማታ ላይ "ክንዱን መያዝ ነበረብኝ፤ ጨርቁን ያዝኩ" አለኝ።

"ወንድሜ፣ ኮቱ አርጅቶ ነበር" አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

እንግዲህ ትናንት የመጡት ሽማግሌ አባባ ፓንታሌዮን ይባላሉ። በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁና ከጥቅላቸው አንድ ኮት አወጡ።

"ልጄ፣ ገበያ ላይ ወሬሽን ሰምቼ ነው። ይኼን ታውቂዋለሽ?"

አንድ እጅጌ ብቻ ነበረው። የደበቅኩትን አምጥቼ ትከሻው ላይ ገጠምኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሸምበቆ ውስጥ ነው ያገኙህ። ማን እንደሆንክ ሳያውቁ ከራሳቸው ሙታን መሃል ቀበሩህ። "ባለቤቴ ለልጃችን ሠርግ የሸመነችውን ባና አወጣች" አሉኝ። "'እናቱ እዚህ የለችም፤ እኔ አለሁ' ብላ ራሷ ጠቀለለችው።"

"ምን ዓይነት ባና?"

"የእኛ አገር ባና ነዋ! ማጉን እየጠቀጠቀች ድሩን ድራሹን ያጠፋችበት። ወፍራም ነው።"

"ይሞቃል?" አልኳቸው። የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አጠገቤ መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ይሞቃል፣ ልጄ" አሉኝ። "በጣም ይሞቃል።"

ጥቅምት ሲገባደድ፣ በሙታን ቀን፣ ከሩፊና ጋር ዳቦና የበቆሎ ጠላ ይዘን እንመጣለን። የዚያችን ሴት እጅ መሳም አለብኝ።

ሂላሪዮ፣ ከሄድክ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እንደበሰበስክ፣ እንደምትንቀጠቀጥ ትታየኝ ነበር።

ትናንትም ዘነበ። ተኛሁ።

ሚስትህ ኒካሲያ