የቦራ እንገር

የቦራን ጥጃ የገደላት አጎትህ ገሠሠ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታው ቁጣዬን እንዳያለዝበው ብዬ ነው።

ልጄ ደምለው፣ እንደምን ከርመሃል? የደባርቁ ጊዮርጊስ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ። እኛ አለን፤ ገብሱን ውርጭ መታው።

እዚያ የአሳማ እርባታ ስትማር፣ አሳማ በሽታ የሚከላከለውን ኃይል ለግልገሎቿ የምታወርሰው በማኅፀን ሳይሆን በእንገሯ ነው፣ በተወለዱ ዕለት ካልጠቡት ኋላ አይረባቸውም፣ ላምም እንዲሁ ናት ብለህ የጻፍክልኝን ፊደል እየቆጠርኩ ራሴ አነበብኩት። ቦራ የወለደች ዕለት ግን አጎትህ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ ብሎ፣ «እንገሯን አልቢና ለካድሬዎቹ አፍዪ» አለኝ።

«ተው ገሠሠ፣ መጀመሪያ ጥጃዋ ትጥባ፤ ልጄ ጽፎልኛል» ስለው በሰው ፊት ሳቀብኝ።

«የአሳማ ትምህርት ለክርስቲያን ላም አይሆንም!»

እግዜር የለም ሲለን የከረመ ሰው ላሟን ክርስትና አነሣት! እንገሩን አሳልቦ ከእንግዶቹ ጋር በላው። ጥጃዋን ሳምንት ሳይሞላት ተቅማጥ ጨረሳት።

ቦራ ጥጃዋን ካላየች አትታለብም። አሁን ደግሞ፣ «የሞተችውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ሙዪበትና አስልሻት፤ ወተቷን ታወርዳለች» ይለኛል። አንድ ሰሞን አደረግሁት። ቦራ ጭዱን ልጄ ብላ ስትልስ እኔ ሥሯ ተቀምጬ አለብኩ።

ሌላዋ ላማችን ወይኖ ለፋሲካ ትወልዳለች። እባክህ ልጄ፣ የእኔን ቃል ስለናቀ እንገሩን መጀመሪያ ጥጃዋ ትጥባ ብለህ ለእሱ በስሙ ጻፍለት። እመቤቴ በእጅህ የያዝከውን ትባርክልህ፤ በደህና ታግባህ።

እኔ ግን ከእንግዲህ ጭድ የሞላ ቆዳ ይዤ እናትን አላታልልም።

እናትህ ፋንታዬ