ለተሼ፣ ስለ ጠማማዋ ጠመንጃዬ

ተሼዬ፣ የልጄ አባት፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እዚያ እንዴት እንደሚከረም የማውቀው ነገር የለኝም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። ለሙት ዓመትህ ከዕድሩ ጋር ተነጋግረናል፣ ድንኳኑም ተይዟል። ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፊት ልጨርሰው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ስላንተ ደግ ደጉን ሲያወራ እኔ አፌን ይዤ መቀመጤ አይቀርም። ስለዚህ ያለኝን አስቀድሜ ለራስህ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ሃና ዩኒቨርሲቲውን ልትጨርስ ነው። ፀባይዋ ቁርጥ አንተን ሆኗል፣ ስትናደድ ቅንድቧን የምታነሳው ሳይቀር። የጓሮው ፓፓያ በንፋስ ወደቀ። የአዳማን ንፋስ ታውቀው የለ፣ ዘንድሮማ ቆርቆሮውንም ካልወሰድኩ ብሎ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ ኢላማ ማስተኮሻችን ጋ ሲደርሱ ዛሬም "ተሼ ጋ ወራጅ አለ?" ነው የሚሉት። አንተ የለህም፣ ስምህ ግን ፌርማታ ሆኖ ቀረ።

ማስተኮሻውን አልዘጋሁትም። ያቺ የዓለም ጤና ከተማዋ ሸክላ ሠሪ ስኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉትን ክብ ሸክላዎች አሁንም ትልክልኛለች። ጠዋት በሲባጎ እሰቅላቸዋለሁ፣ የአየር ጠመንጃዎቹን ጠራርጌ እደረድራለሁ፣ ከዚያ አላፊ አግዳሚውን እጠብቃለሁ። ሸክላ የሰበረ ሌላ ዙር በነፃ ይተኩሳል፤ ያልሰበረ ስቆ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረምሶቹ "ማዘር፣ እስቲ ባልሽን ጥሪልን" ይሉኝ ነበር። "ብጠራው እኮ ይዟችሁ ነው የሚሄደው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ያከብሩኛል።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ገና ሳንጋባ፣ ከገበያ ስመለስ ጠርተህ በራስህ ጠመንጃ አስተኮስከኝ። ሽንኩርት የያዘውን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ተኮስኩ። ንፋስ የሚያወዛውዘው ሸክላ ፍርክስ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አንተም አጨበጨብክ፣ ከዚያ ግን ዝም አልክ። እኔ ሞኟ ዝምታህን ፍቅር ነው ብዬ ወሰድኩት።

በተጋባን ሰሞን የራሴን ጠመንጃ ሰጠኸኝ፣ ሰደፏ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አስረህበት። የደንበኞቹ ጠመንጃዎች ማነጣጠሪያቸው ትንሽ ጠመም እንደሚል አውቅ ነበር። የሥራው ወግ ነው፤ ሸክላው በየተኩሱ ከተሰበረማ ምን ይበላል? "ይቺ ግን ያንቺ ናት፣ ቀጥ ያለች" አልከኝ። አመንኩህ።

ግብ ማውጣትንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዝም ብሎ መተኮስ ጥይት መጨረስ ነው ትል ነበር። ጣውላው ላይ በጠመኔ ትጽፍልኛለህ፤ እስከ መስቀል የቆመውን ሸክላ ሳልስት መምታት፣ እስከ ጥምቀት የሚወዛወዘውን፣ እስከ ፋሲካ ሁለት የሚወዛወዙ አከታትሎ። ፋሲካን የመረጥነው በምክንያት ነው። በማግስቱ የኢላማ አስተኳሾች ሁሉ ቆቃ ሐይቅ ዳር ተሰብስበው ይወዳደራሉ፣ ላሸነፈ በግ አለው። በጉን በየዓመቱ የምትነዳው አንተ ነበርክ። የኔ ምኞት አንተን መብለጥ አልነበረም። አንድ ጊዜ ስሜ ተጠርቶ እዚያ መስመር ላይ መቆም ነበር።

ስንት ማለዳ ነው ንፋሱ ሳይነሳ ደርሼ የተለማመድኩት! መስቀል ሲደርስ የቆመውን መምታት እጀምራለሁ፣ ደስ ይለኛል። ያኔ አንተ "ጠመንጃሽ ሞላዋ ላልቷል፣ በያጁ ኦቦ ገመቹ ጋ ልውሰዳት" ትላለህ። ስትመልሳት የቆመውንም እስታለሁ። "እጅሽ ገና አልረጋም ወይንዬ፣ ለከርሞ ይደርሳል።" ለከርሞ፣ ለከርሞ ስንል ፀጉሬ ሸበተ። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ሐኪም ቤት ስሄድ ወረፋ ይዘህልኝ አብረኸኝ ተቀመጥክ። ሐኪሟ ዓይንሽ ደህና ነው ብትለኝም፣ "መነጽር ማንን ይጎዳል" ብለህ ገዛህልኝ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩህ።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም ሲገባ የጠመንጃዬ ሞላ እውነትም ላላ። እኔው ራሴ ይዣት ኦቦ ገመቹ ብየዳ ቤት ሄድኩ። አካም ጅርቱ ተባብለን ሳንጨርስ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ አዩና ሳቁ። "ይቺንማ አውቃታለሁ ልጄ። ተሾመ ማነጣጠሪያዋን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አጣምምልኝ እያለ አሰልችቶኝ ነበር። የደንበኛ ናት፣ ሰዉ እየለመዳት ተቸገርኩ ይለኛል። አሁን ወደየት ላጣምምልሽ?" አሉኝ።

ወደየት ላጣምምልሽ። ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ አላወቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ቀጥ ያድርጓት አልኩና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ተሼ፣ ሌላ ሴት ብትይዝብኝ ኖሮ እሷን ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። ይህንን ማንን ልስደብበት? ለበጉ ብለህ ነው? በሚስቱ ተበለጠ እንዳይሉህ ነው? ብትነግረኝ እኮ ራሴ እቀርልህ ነበር። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ብትጠይቀኝ የምሰጥህን ነገር ሰረቅከኝ። ዓይኔን አማህብኝ፣ እጄን አማህብኝ፣ ያውም ለራሴ። ስንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ሚስትህን ከደንበኛ ቆጠርካት።

ጠመንጃዋ ተስተካከለች፣ እኔ ግን አልተስተካከልኩም። ዓይኔ ያየውን እጄ አያምነውም፤ ቃታውን ልስብ ስል ወደ ጎን ይሸሻል። ሁለት ቀን ተበሳጭቼ ተውኩት። በሦስተኛው ያንተን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩና ጠመኔውን አነሳሁ። እስከ ደብረ ዘይት በዓል እጄ እንዳይሸሽ፤ ይምታ አይምታ አላልኩም። እስከ ሆሳዕና የቆመውን። በፋሲካ ማግስት አንድ የሚወዛወዝ። አንድ ብቻ።

ቆቃ ሄድኩልህ። "የተሼ ባለቤት" ብለው ሲጠሩ "ወይንሸት በሉ" አልኳቸው። መነጽሩን አውልቄ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩ። የሐይቁ ንፋስ ሸክላውን ያንገላታዋል። ሳትኩ፣ ደግሜ ሳትኩ። ከኋላዬ አንዱ "ኧረ ሸክላውን አቁሙላት" ሲል ሰማሁ። በመጨረሻው ተኩስ እጄ ሊሸሽ ሲል ታወቀኝ፤ ቆይ አልኩት፣ ቆየ። ሸክላው ፍርክስ አለ። በጉን ሌላ ሰው ነዳው፣ እኔ አሳዬን በልቼ ተመለስኩ።

ለሃና አልነገርኳትም። ያላት አባት አንድ ነው፣ እሱንም አላጣምምባትም።

ከሸክላው ስባሪ አንዱን አንስቼ መጥቻለሁ። መንገድ ላይ፣ ለሙት ዓመትህ መቃብርህ ላይ ላስቀምጥልህ አስቤ ነበር። አበባውን አመጣልሃለሁ፣ ሻማውንም። ስባሪው ግን ቤት ይቀራል፣ የኔ ነው።

አልረሳህም፣ ተሼ። ሰደፉን ጉንጬ ላይ አስደግፈህ ትንፋሽ መያዝ ያስተማርከኝን አልረሳም፤ ኦቦ ገመቹ ጋ ያመላለስካትንም አልረሳም። አንዱን ይዤ አንዱን ልተው ብል አልቻልኩም። ንፋሱ ተነስቶ ሸክላዎቹ መወዛወዝ ሲጀምሩ ሁልጊዜ አስታውስሃለሁ። ከዚያ እጄን ቆይ እለዋለሁ።

ወይንሸት