የፈይሩዝ ዱዓ

ልጄ አብዱልጀባር፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሸሽግህ። እኛ ጨፋ ሮቢት ደህና ነን፤ ማሽላውም አሽቷል።

እህትህ ፈይሩዝ ደሴ ዩኒቨርሲቲ ገባች ያልኩህ ውሸት ነው። ከሚሴ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ትማራለች። ሰው ይንቀናል ብዬ ለጎረቤትም እንዲሁ አወራሁ።

ባለፈው ጁምዓ እትዬ መዲና ቤት ሴቶቹ ዱዓ ተቀምጠን፣ «ዩኒቨርሲቲ ላለችው ልጄ» ብዬ አሚን አስባልኩ። እጃችንን ሳናወርድ ፈይሩዝ በኮሌጁ ቱታ፣ መሰላል ተሸክማ ገባች። ለካ ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሰፈሩን መብራት ጠግኑ ብሎ ልኳቸዋል። ሰምታኝ ኖሮ፣ አምፖሉን አብርታ ስትወጣ፣ «እማ፣ ዱዓው ለማን ነበር?» አለችኝ።

እስቲ ደውልላት፤ ስለ ሙያዋ ጠይቃት። እኔ ዓይኗን ለማየት አፈርኩ። አላህ አንተን በሰላም ያግባህ፤ ያንንም ዱዓ አድራሻውን አርሞ ከሚሴ ያድርስልኝ።