በጋሽ መሰላል ሞትና በአዳራሻችን ጣሪያ ጉዳይ ከተጫዋቾች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የቅርጫት ኳስ ክለባችን የተጫዋቾች ማኅበር፣ የቀድሞው አምበላችንና እስከ መጨረሻዋ ቀን ረዳት አሰልጣኛችን የነበሩት ጋሽ መሰላል ባለፈው ሐሙስ ልምምድ በማሠራት ላይ ሳሉ ወድቀው በደረሰባቸው የጭንቅላት ጉዳት ሕይወታቸው ማለፉን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሀዘኑ ከቁጭት ጋር የተቀላቀለ መሆኑን ማኅበሩ አይሸሽግም።

ጋሽ መሰላል ወደ ስፖርቱ ከመግባታቸው በፊት ቀለም ቀቢ ነበሩ። እጃቸውን ሲዘረጉ ጣሪያ ይነኩ ስለነበር ባልደረቦቻቸው «መሰላል ምን ያደርግልናል፣ እሱ አለ አይደል!» እያሉ ያወጡላቸው ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው መጠሪያቸው ሆኖ ቀርቷል።

በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቋሚ ተሰላፊ ሆኑ። ክለቡ ዋንጫ ባነሣበት ዓመት የተሰበረ ጣታቸውን ከጤነኛው ጋር በፕላስተር አስረው የፍጻሜውን ጨዋታ ጨርሰዋል።

አምበል በነበሩባቸው ዓመታት የአውቶቡሱን ሰፊ የፊት ወንበር ጉልበቱን ለታመመ ተጫዋች ይለቁ ነበር፤ ራሳቸው ግን ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አጥፈው ከኋላ ይጓዙ ነበር። ከቤተሰቡ ርቆ በክለቡ ማደሪያ የሚኖር አባል ሲታመም ሾርባ በፔርሙስ ይዘው ይመጡና «አባትህ ቢያይህ ምን ይለኛል? ተነሥና ጠጣ» ይሉት ነበር። በማደሪያው ለምንኖር አባላት በዚህ ከተማ የነበሩን ዘመድ እርሳቸው ነበሩ።

መጫወት አቁመው ረዳት አሰልጣኝ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ ትልቁ ድካማቸው የአዳራሹን ጣሪያ ማሠራት ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጣሪያው በግራው ጥግ ላይ ያፈሳል። የክለባችን ተጫዋች ያን ጥግ ዞሮ መሮጥን ኳስ ከማንጠር ቀድሞ ይማራል። እንግዳው ቡድን ግን ሳያውቅ ገብቶ ይንሸራተታል፤ ደጋፊውም «ስድስተኛው ተጫዋቻችን» እያለ ያጨበጭባል። ጋሽ መሰላል አንድም ቀን አላጨበጨቡም። ይሠራ ብለው ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በተመላለሱ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ ጣሪያው እኮ ለኛ ነው የሚጫወተው» እያሉ በሳቅ ይሸኟቸው ነበር።

በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ በግራው ጥግ ያለው ቀዳዳ ብቻ በሬንጅ ተደፍኖ ጣሪያው እንደታደሰ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ውኃው ግን አልቆመም፤ ብረቱን ተከትሎ ሄዶ በቅጣት መወርወሪያው መስመር ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ይህን ማንም አላስተዋለም። ሐሙስ ዕለት ጋሽ መሰላል እንደ ልማዳቸው «ከግራ ጥግ ራቁ፣ ሬንጅ አይታመንም» ብለው አስጠነቀቁን። ከዚያም ኳስ ይዞ መዞርን ሊያሳዩን፣ ዕድሜ ልካቸውን ደረቅ መሆኑን ወደሚያውቁት መስመር ወደ ኋላ ተራመዱ። የወደቁትም እዚያው ነው።

የክለቡ ጽሕፈት ቤት በመጪው እሑድ በዚያው አዳራሽ የመታሰቢያ ጨዋታ እንደሚካሄድና የጋሽ መሰላል ትልቅ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ እንደሚሰቀል አስታውቋል። ማኅበሩ የጽሕፈት ቤቱን ሀዘን አይጠራጠርም። ሆኖም ወለሉ ዛሬም እርጥብ ነው፤ ከቅጣት መስመሩ ላይ አንድ ባልዲ ከመቀመጡ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

ስለሆነም የማኅበሩ አባላት ጣሪያው በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ እስኪተካ ድረስ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የመታሰቢያም ሆነ የውድድር ጨዋታ ላለመጫወት በአንድ ድምፅ ወስነዋል። ውሳኔው ነጥብ ሊያስቀንሰን፣ በማደሪያው የምንኖረውንም ከነሻንጣችን ሊያስወጣን እንደሚችል ተነግሮናል። መሄጃ የሌለን ብዙዎች ነን፤ ፈርተናልም። ቢሆንም አንገባም።

ማኅበሩ ለጋሽ መሰላል ባለቤት፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለእኅቶቻቸው፣ አብረዋቸው ለተጫወቱና በእጃቸው ለሠለጠኑ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ባለቤታቸው ፎቶግራፉን ሊወስዱ ቤታቸው ለመጡት ሰዎች የመለሱላቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የምትሰቅሉበት ግድግዳ ደርቋል?» ፎቶግራፉ እስካሁን ከቤታቸው አልወጣም።

የተጫዋቾች ማኅበር